አርጃኖ የማይወጣበት፣ ፌንጣ የምትዘልበት

ከደባርቅ ተነሥቶ ቡይት ራስ የደረሰ ሰው ዓይኑ ጭላዳ ላይ ነው የሚያርፈው። ጭላዳው ቁጭ ብሎ በሚነጨው ሣር ውስጥ ግን ፌንጣ አለች። አርጃኖ የለም።

አርጃኖ በአፍሪካ ትልቁ እንሽላሊት ነው፤ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ ሁለት ሜትር ይደርሳል። ዓሣውን፣ እንቁራሪቱን፣ የወፉን እንቁላል ሳይመርጥ ይበላል፤ ቢዋጉት በጅራቱ ይጋረፋል። ታዲያ ይህ ጉልበተኛ ፌንጣ የምትኖርበት ተራራ ላይ ለምን አልወጣም?

የሁለቱም ሰውነት እንደ እኛ ከውስጥ አይሞቅም፤ ፀሐይ ይጠብቃሉ። ቡይት ራስ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርድበታል። ግዙፍ ገላ ቶሎ አይሞቅም። አርጃኖ እዚህ ቢያድር ሰውነቱ እስኪፍታታለት ረፋዱ ያልፍበታል። ፌንጣ ግን ጎኗን ለፀሐይ ሰጥታ ጥቂት ከቆየች ይበቃታል። ጣጣው በእንቁላልም ይመጣል። እናቲቱ አርጃኖ የምስጥ ኩይሳ ቦርቡራ ትጥላለች፤ ምስጦቹ ቀዳዳውን ይደፍኑታል፣ የኩይሳው ሙቀት እንቁላሉን ለወራት ይጠብቀዋል። እዚህ ከፍታ ላይ ያ ኩይሳ ከየት ይመጣል?

ፌንጣዋን ጠጋ ብላችሁ እዩአት። ጆሮዋን ጭንቅላቷ ላይ አትፈልጉ፤ ክንፏ ሥር፣ ሆዷ ጎን ላይ ነው። የምትተነፍሰውም በአፏ ሳይሆን በጎንና ጎኗ በተደረደሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። ዝላይዋም የጡንቻ ብቻ አይደለም፦ የኋላ እግሯን አጥፋ ትቆልፍና ጉልበቷ አጠገብ ያለውን ጠንካራ ቅርፊት ቀስ እያለች እንደ ቀስት ትወጥረዋለች፤ ስትለቀው ትወነጨፋለች።

የዘር መረጃ ላይ ደግሞ ትልቅነት ጭራሽ ይገለበጣል። የኢንዶኔዥያው ኮሞዶ፣ የአርጃኖ ትልቁ ዘመድ፣ ዲኤንኤው 1.5 ቢሊዮን ያህል ፊደል ነው። የሰው 3 ቢሊዮን ገደማ። የፌንጣ ዘመድ የሆነው የበረሃ አንበጣ ግን ከ8 ቢሊዮን ያልፋል! አብዛኛው ድግግሞሽ ስለሆነ ከእኛ ትበልጣለች ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም።

ቡይት ራስ የምትሄዱ ረፋድ ላይ ሣሩ ዳር ቁጭ በሉ፤ ፌንጣዋን ግን አትያዟት። አርጃኖ ማየት ያማረው ወደ ጣና ዳር ይውረድ።