የሠራተኛው ጡረታና የነጋዴው መዝገብ

ሽማግሎች «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለው ሲመርቁን «አሜን» እንላለን። ጡረታ የሚለውም ቃል የወጣው ከዚሁ ከመጦር ነው። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ ሱቅና መጋዘን ከፍተን የምንሠራ ሁሉ፣ ጉልበታቸውን በቤታችን የጨረሱትን ሰዎች ማን ይጦራቸዋል የሚለውን ጥያቄ ከሒሳብ መዝገባችን ጋር አብረን ልንመረምረው ይገባናል።

የመንግሥት ሠራተኛ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ጡረታው ሲከበርለት፣ የነጋዴ ሠራተኛ ግን ግማሽ ምእት ዓመት ለሚያህል ጊዜ በአሠሪው ቸርነት፣ ዕድል ከገጠመውም በፕሮቪደንት ፈንድ፣ አለዚያም በልጆቹ ተመክቶ ኖረ። ይህ የተለወጠው በ2003 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 715 ሲሆን፣ እርሱንም በ2014 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1268 ተክቶታል።

በሕጉ መሠረት አሠሪው ከወር ደመወዝ ከመቶ 11 እጅ፣ ሠራተኛው ከመቶ 7 እጅ ያዋጣሉ። 60 ዓመት የሞላውና ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙን ከመቶ 30 እጅ በየወሩ ያገኛል፤ ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመትም ከመቶ 1.25 ይጨመርለታል። 10 ዓመት ያልሞላው ግን ዳረጎት ተቀብሎ ይሰናበታል።

ይህ ጸሐፊ በሚያገለግልበት የንግድ ቤት የደመወዝ መክፈያውን የሚያዘጋጀው ራሱ ነው። የመጋዘን ጠባቂያችን በወር 12,000 ብር ይቀበሉ ነበር፤ በመክፈያው ላይ የሚታየው ግን 8,000 ብር ብቻ ሲሆን የቀረው 4,000 በፖስታ ይሰጣቸው ነበር። 14 ዓመት መዋጮ ተከፍሎላቸው ዕድሜያቸው ሲደርስ አበላቸው 2,800 ብር ሆኖ መጣ። ወረቀቱን አስነበቡኝና «ልጄ፣ ይህ የማን ደመወዝ ነው?» አሉኝ። ቁጥሩን የጻፍሁት በገዛ እጄ ነበርና መልስ አልነበረኝም። እውነተኛው ደመወዝ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ 4,200 ብር ይደርሳቸው ነበር።

ቤታችንስ በዚህ ምን አተረፈ? ከ4,000 ብር ላይ ያልተከፈለው የአሠሪ መዋጮ 440 ብር ነው። ነገር ግን በመክፈያ ያልገባ ደመወዝ በወጪነት ስለማይያዝ፣ በትርፉ ላይ ከመቶ 30 እጅ ግብር የሚከፍል ኩባንያ በዚያው 4,000 ብር ምክንያት 1,200 ብር ተጨማሪ ግብር ይከፍላል። መዋጮውም ቢሆን በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መሠረት ከደመወዙ ከመቶ 15 እጅ እስካልበለጠ ድረስ ለአሠሪው ወጪ ሆኖ ይያዝለታል፤ በሠራተኛውም ላይ ግብር አያስከትልም። እንግዲህ 440 ለማዳን 1,200 ማጣት ከነጋዴ የሚጠበቅ ስሌት አይደለም።

እርግጥ ነው፣ የሥራ ግብርና ከመቶ 7 እጅ መዋጮ ስለሚቀነስበት ሠራተኛው ራሱ ፖስታውን ሊመርጥ ይችላል። የነገውን አመዛዝኖ ማስረዳት ግን መዝገብ የሚያውቀው የአሠሪው ፋንታ ነው።

በቋሚ መዝገብ ያልገቡት ተሸካሚዎችና የቀን ሠራተኞች ሲያረጁ የሚቀራቸው እድራቸውና የችግረኞች ድጋፍ ነው። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት አዳማንም የጨመረ ሲሆን፣ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ቀጥታ የገንዘብ ድጋፍ ይሰጥ ነበር። ይህ ግን ለድኻ የሚደረግ እርዳታ እንጂ በሥራ የተገኘ መብት አይደለም።

አሠሪዬ ነገሩን በተረዱ ጊዜ የሁሉም ደመወዝ በሙሉ እንዲመዘገብ አዘዙ፤ ለሽማግሌውም የጐደለውን 1,400 ብር በየወሩ ከኪሳቸው ይሰጣሉ። መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን የሚጸናው እርሳቸው በሕይወት እስካሉና ንግዱ እስከቀና ድረስ ነው። ሽማግሌው ቀድመው ቢያልፉ ባለቤታቸው በሕግ የሚያገኙት የ2,800ውን ግማሽ እንጂ የ4,200ውን ግማሽ አይደለም።

ስለዚህ ክቡራን ነጋዴዎች፣ በዚህ ወር መጨረሻ መክፈያው ለፊርማ ሲቀርብላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት በቤታችሁ ለረጅም ጊዜ ያገለገለውን ሰው ስም ፈልጉና ከፊት ለፊቱ ያለው ቁጥር እውነተኛ መሆኑን ተመልከቱ።