በጡት ካንሰር ሕክምና ላይ ያለች እናት፡ ጾሟ፣ ማዕዷና እንቅስቃሴዋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሀገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዘመን ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር፣ ከወላይታ ሶዶ የምትነሣ እናት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነበረባት። በዚህ ሁሉ ድካም የተገኘ ሕክምና በምግብ ጉድለት ሲሰናከል ማየት ያሳዝናል። ጉድለቱም ሁልጊዜ ከድህነት አይመጣም፤ አንዳንዴ «ጾሜን አልሽርም» ከሚል ቅን ልብ ይመጣል።

በዚህ ነገር የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ግልጽ ነው። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ስለ ጾም ሲደነግግ በደዌ የተያዘውን ከጤነኛው ለይቶ ይመለከታል። በኬሞቴራፒ ላይ ያለች ሴት ሰውነቷ የተጎዳውን ለመጠገን ፕሮቲን ይሻል፤ የደም ሕዋሳቷ ቁጥር ካላገገመ ደግሞ ሐኪሙ ቀጣዩን መድኃኒት ለማዘግየት ይገደዳል። ስለዚህ ጾሙ ሳይገባ አስቀድማ ሐኪሟን ትጠይቅ፤ የነገራትንም ይዛ ወደ ንስሐ አባቷ ትሂድ። እርሳቸውም ጥሉላት እንድትበላ ሊፈቅዱላት፣ ወይም ሰዓቱን አሳጥረው በጸሎት እንድትተካው ሊያዝዟት ይችላሉ። ለቅዱስ ቁርባን የሚጠበቀው 18 ሰዓትም ቢሆን ከእርሳቸው ጋር የሚመከርበት ነው። ከሐኪም ደብቆ መጾምን ግን አንመክርም። ጠበል መጠመቅም መድኃኒት አያስጥልም።

በወላይታ ማዕድ እንሰት፣ ቦዬ፣ ጎደሬና ስኳር ድንች አይጠፉም። ኃይል ይሰጣሉ፤ ፕሮቲናቸው ግን አነስተኛ ነው። ስለዚህ ቆጮ ብቻውን አይቅረብላት፤ ቦሎቄ፣ ምስር ወይም ሽምብራ ይጨመርበት። በፍስክ ወይም በፈቃድ ከሆነ ደግሞ በደንብ የተቀቀለ እንቁላል፣ የተፈላ ወተትና የበሰለ ሥጋ ይቅረብላት። ማቅለሽለሽ ያለባት በትንሽ በትንሹ ደጋግማ ትብላ። አፏ ለቆሰለ ዳጣው ይቆይላት፤ አቮካዶና ሙዝ ይሻሏታል።

ወገኖቻችን ቅር አይበላቸውና፣ ጊፋታም ሆነ መስቀል ቢደርስ ጥሬ ሥጋ በዚህ ወቅት አይሆንም። ኬሞቴራፒ ነጭ የደም ሕዋሳትን ስለሚቀንስ፣ ጤነኛው የሚቋቋመው ተህዋስ ለእርሷ ለሕይወት የሚያሰጋ ሊሆን ይችላል። ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ በቤት አትቆይ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ትወሰድ።

«የታመመ ሰው ይተኛ» የሚለው ልማድም ሊታረም ይገባዋል። ከሕክምናው የሚመጣው ድካም በመተኛት ብቻ አይለቅም፤ በየዕለቱ በእርጋታ መራመድ ያቀልለዋል። ዳሞታ ተራራን መውጣት አይጠበቅባትም። በ10 ደቂቃ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ 30 ደቂቃ ቢያድግ መልካም ነው፤ ከቤቷ እስከ አጥቢያዋ ቤተ ክርስቲያን ያለው መንገድም ይሆናል።

ቀዶ ሕክምና ለተደረገላት የክንዷ ነገር የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ከብብቷ ዕጢዎች ከወጡ በዚያ ወገን ያለው ክንድ ሊያብጥ ይችላል። ክንዱን ጨርሶ አለማንቀሳቀስ ትከሻን ያደርቃል፤ ወዲያው ወደ ከባድ ሥራ መመለስም ይጎዳል። ሐኪሟ ሲፈቅድላት ከግድግዳ ፊት ቆማ ጣቶቿን ቀስ በቀስ ወደ ላይ እያራመደች ክንዷን ታንሣ። ስግደትን በተመለከተ፣ ከምድር ስትነሣ የሰውነቷ ክብደት በእጆቿ ላይ ስለሚያርፍ፣ ቁስሉ እስኪድን ቆማ ራሷን ዝቅ በማድረግ ብትሰግድ፣ በቅዳሴም ጊዜ ብትቀመጥ ነውር የለበትም።

ጀሪካን መሸከምና እንሰት መፋቅ ግን ከሁሉ የከበደው ነው፤ መፋቂያውን በኃይል የሚገፋው ይኸው ክንድ ነውና። በአጥቢያው ያሉ የጽዋ ማኅበር እኅቶች ተራ ገብተው እንሰቷን ቢፍቁላት፣ ወጣቶችም ውኃዋን ቢቀዱላት፣ በሕክምና ቀኗም አንዱ የበሰለ ቦሎቄ ይዞ ቢመጣ፣ ከብዙ የማጽናኛ ቃል ይልቅ ይጠቅማታል።