ተጨማሪ መረጃ፦ የልብ ደም ቅዳ ሲጨመደድ
ጎህ ሲቀድ የመስቀል አደባባይ ደረጃዎች በሯጮች ይሞላሉ። ልባቸው ብዙ ደም ሲሻ፣ የደም ቅዳዎቹ ውስጠኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ያመነጫል፤ ጋዙም የግድግዳውን ጡንቻ ያላላል። ጋዙ ሲያንስና ሮ-ካይኔዝ የተባለው ኢንዛይም ሲበረታ ደም ቅዳው በድንገት ተጨምድዶ ይጠባል። የሚገርመው፣ ሐኪሙ ፕሪንዝሜታል እ.ኤ.አ. በ1959 የገለጸው፣ ከዚህ መጨመደድ የሚመጣው የደረት ሕመም በአብዛኛው የሚነሣው በሩጫ ሳይሆን በዕረፍት፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ማለዳ ነው። ጋዙን የሚሠራውን ኢንዛይም በሚያዘው ዘረ መል ላይ ያለ ለውጥ ተጋላጭነትን እንደሚጨምር በጃፓን ሕሙማን ላይ ታይቷል። ዘረ መልን መምረጥ አይቻልም፤ ሲጋራንና ጫትን ግን መተው ይቻላል። የሲጋራ ጭስ የደም ቅዳውን ሽፋን ይጎዳል፤ በጫት ቅጠል ያለው ካቲኖን ደግሞ እንደ አምፌታሚን ደም ሥርን ያጠባል።