ከሊሾው ሥር የተገኘችው ሳንቲም

ስሙኝማ! ባለፈው ቅዳሜ የወጥ ቤቴ ቧንቧ ፈነዳ። ሠራተኛው ሊሾውን በመዶሻ ሰባብሮ ሲያነሣ፣ ከሥሩ አፈሩ ላይ ባለ አንድ ብር ሳንቲም ተጋድማ ተገኘች። ጠረግ ጠረግ አድርጌ ሳያት 2002 ዓ.ም. ትላለች። አከራዬ ደግሞ ኪራይ በጨመሩ ቁጥር «ይህ እኮ በጃንሆይ ጊዜ የተሠራ ቤት ነው፤ ሊሾው ራሱ የዚያን ጊዜ ነው» ይሉኛል።

እዚያው እንደተንበረከክሁ በራልኝ። ያልተሠራች ሳንቲም ከማንም ኪስ አትወድቅም። ስለዚህ በላይዋ የፈሰሰው ሲሚንቶ ከ2002 በፊት ሊፈስ አይችልም! ከዚያ በኋላ መቼም ሊሆን ይችላል፤ አምናም ሊሆን ይችላል። በፊት ግን በምንም ተአምር! ሳምንቱን ሙሉ ስለ አንዲት እንግሊዛዊት አርኪዮሎጂስት ሳነብ ከርሜ ያልገባኝ ነገር በአንዲት ሳንቲም ገባኝ።

ሴትዮዋ ጌርትሩድ ኬተን ቶምፕሰን ትባላለች። የተሰጣት እንቆቅልሽ በዛሬዋ ዚምባብዌ የሚገኘው ታላቁ ዚምባብዌ ነው። የድንጋይ ካብ ነው፤ ግን ምን ዓይነት ካብ! ትልቁ ቅጥር ዙሪያው 250 ሜትር ያህል ነው፣ ቁመቱ እስከ 11 ሜትር ይደርሳል፣ በድንጋዮቹ መካከል ጭቃም ኖራም የለም። ማን ሠራው? መቼ?

በ1871 (ዓመቶቹ ከዚህ ወዲያ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ካርል ማውክ የሚባል ጀርመናዊ እዚያ ደርሶ ከአንድ በር ጉበን ላይ ስንጣሪ እንጨት ቆረጠ። ከእርሳሱ እንጨት ጋር ቢያስተያየው መሰለው። እንግዲህ ተከተሉኝ፦ እርሳሱን ከመሰለ የሊባኖስ ዝግባ ነው፤ የሊባኖስ ዝግባ ከሆነ የሰሎሞን ዘመን ነው፤ የሰሎሞን ዘመን ከሆነ ቤቱ የንግሥተ ሳባ ነው! ከእርሳስ ተነሥቶ እኛዋ ንግሥት ዘንድ! ስሟ በሄደበት ሁሉ ሲነሣ እኔም ደስ ይለኛል፤ እንጨቱ ግን የዚያው አገር ዛፍ ነበር።

አገሩን የያዙት ነጮች ግን ወሬው ተስማማቸው። ይህን የመሰለ ግንብ የጥቁር ሕዝብ እጅ ሠራው ማለት አልዋጥላቸው ብሎ፣ ፊንቄያውያን ነው፣ ዓረቦች ነው ይሉ ነበር። ሪቻርድ ሆል የተባለው የፍርስራሹ ኃላፊ ደግሞ ከ1902 ጀምሮ የአፍሪካውያኑን «ቆሻሻ» ላጽዳ ብሎ የግቢውን አፈር በገፍ አስዝቆ አስጣለ።

እዚህ ላይ መሶብ አስቡ። በመሶቡ ውስጥ የታችኛው እንጀራ ቀድሞ የተጋገረው ነው፤ የላይኛው የኋለኛው። በሁለት እንጀራ መካከል የወደቀች ቁልፍ ብታገኙ ከየትኛው በኋላ፣ ከየትኛው በፊት እንደወደቀች ታውቃላችሁ። አሁን አንዱ መጥቶ እንጀራውን ሁሉ በእጁ አፍሶ ጆንያ ውስጥ ቢጨምረውስ? ቁልፏ አለች፤ ወሬዋ ግን ጠፋ። ሆል ያደረገው ይህንኑ ነው!

በ1905 ራንዳል ማክአይቨር የሚባል አርኪዮሎጂስት ቆፍሮ «ሥራው የአፍሪካውያን ነው» ቢልም ክርክሩ አልበረደም። በ1929 እንግሊዞቹ ኬተን ቶምፕሰንን ላኳት። አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ግብፅ ውስጥ ስትቆፍር ባዶ መቃብር ውስጥ፣ ከእባብ ጋር፣ ለጅብ ብላ ሽጉጥ ትራሷ ሥር አድርጋ ታድር የነበረች ሴት ናት። አብረዋት የሄዱት ዶርቲ ኖሪ እና ፎቶ አንሺዋ የ23 ዓመቷ ካትሊን ኬንየን ናቸው። ሦስቱም ሴቶች!

ታዲያ ግንቡን አፍጥጣ ብታየው ዕድሜውን አይነግራት። ድንጋይ ዓመት አልተጻፈበት። ስለዚህ ወደ ወለሉ ዞረች። ሀብት ፈላጊ ያልነካካውን አንድ ፍርስራሽ መርጣ፣ ጠንካራውን የጭቃ ወለል ንብርብር በንብርብር እያስነሣች ከሥሩ ያለውን ለየች። ምን አገኘች? የአካባቢው ሰው የሸክላ ገል፤ ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ በንግድ የመጣ ጨሌ! ጨሌዋ የእኔ ሳንቲም ናት። እንደሷ ያለ ጨሌ ዘመኑ በታወቀ ሌላ ቦታ ተገኝቶ ከሆነ፣ በላይዋ የተመታው ወለል ከዚያ ዘመን አይቀድምም። የጎጆዎቹ ወለልና የድንጋዩ ካብ ደግሞ ተያይዘው፣ አንዱ ለአንዱ ታስቦ የተሠሩ ነበሩ። እንግዲያው ጎጆውን የሠራው ካቡንም ሠራ! በትልቁ ቅጥር ውስጥ ያለው ሾጣጣ ግንብ ሳይቀር ለዚሁ ምርመራ ከሥሩ ዋሻ ተፈለፈለለት።

መልሷ አጭር ነበር፦ ሠሪዎቹ አፍሪካውያን፣ ዘመኑም መካከለኛው ዘመን። ከንግሥተ ሳባ በሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የሚያንስ! በኋላ የመጣው የራዲዮካርቦን ልኬት ዘመኑን ከ11ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን አደረገው፤ ግንበኞቹም የዛሬዎቹ የሾና ሕዝቦች አባቶች ናቸው።

ደቡብ አፍሪካ ላይ ይህን በጉባኤ ስትናገር ሬይመንድ ዳርት ተቆጥቶ አዳራሹን ጥሎ ወጣ። ዳርት ማለት አውስትራሎፒቴከስ የሚለውን ስም ያወጣው ሰው ነው፤ የድንቅነሽ ሳይንሳዊ ስም ግማሹ የሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው እንኳ! የተናደዱ ሰዎች ደብዳቤ ሲያጎርፉላት ደግሞ እሷ «እብዶች» የሚል ፋይል ከፍታ አስቀመጠችው። ይህቺን ሳነብ ብቻዬን ነው የሳቅሁት። ወጣቷ ፎቶ አንሺ ኬንየን ከሃያ ዓመት በላይ ቆይታ ኢያሪኮን ቆፈረች፤ የጉድጓዱን ጠርዝ ቀጥ አድርጎ ትቶ የአፈሩን ንብርብር ልክ እንደ ተቆረጠ ድፎ ዳቦ ከጎኑ ማንበብ በሷም ስም ይጠራል።

ሳንቲሜን ይዤ አከራዬ ዘንድ ሄድኩ። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩዋትና «ታዲያ ሊሾው ተሰንጥቆ ኖሮ በስንጥቁ ገብታስ እንደሆነ?» አሉኝ። ክው አልኩ! አርኪዮሎጂስት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እኮ ይህንኑ ነው፦ ወለሉ ሙሉ ነበር ወይስ የተቀደደ? ሮጬ ተመለስኩ። ሠራተኛው ስብርባሪውን ጠራርጎ በጆንያ ወስዶት ነበር።