የጮቄ መንገድና የበረዶ አገር ሸርተቴ

በታኅሣሥና በጥር የጮቄ ተራራ ሌሊት ክፉ ነው። ማታ ሰማዩ ጥርት ይላል። ሲነጋ ጓሳው፣ ገለባውና የቤቱ ክዳን ነጭ ለብሶ ይገኛል። ይህ አመዳይ ነው። የመንገዱ ጭቃ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። በከብት ኮቴ ውስጥ የቀረው ውሃ እንደ መስታወት ይረጋል። ፀሐይ ሞቅ ስትል ግን ያው መንገድ ይጨቀያል፤ እግር ያዳልጣል።

ከሮብ ገበያ ወደ ድጓ ጽዮን በተራራው በኩል የሚያልፍ ሰው ይህን በሚገባ ያውቃል። አህያ እየነዳን በብርድ ያልተንቀጠቀጥን ማን አለን? ነገር ግን ብርዱ ከየት ይመጣል? በተራራ ላይ ሰውን የሚጎዳውስ ምንድን ነው? እስቲ አብረን እንመልከት።

የመጀመሪያው ምክንያት ከፍታ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። የጮቄ ጫፍ ደግሞ 4,100 ሜትር ገደማ ነው። ሰው 1,000 ሜትር ሽቅብ በወጣ ቁጥር አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ጫፉ ከደብረ ማርቆስ በ10 ዲግሪ ያህል ይበርዳል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የደመና መጥፋት ነው። ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ነው። በበጋ ሌሊት ጋቢው ሲገፈፍ፣ ምድር ቀን የጠጣችው ሙቀት ወደ ሰማይ ያመልጣል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ ወደ ጎድጓዳው ቦታ ይወርዳል። ውርጭ ከተረተሩ ይልቅ በረባዳው ላይ የሚበረታው ለዚህ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ከበረደ በረዶ ለምን አይከመርም? በረዶ እንዲከመር ብርድና እርጥበት መገናኘት አለባቸው። በእኛ አገር በበጋ ሌሊት ብርድ አለ፤ ደመና ግን የለም። በክረምት ደመና አለ፤ ብርዱ ግን አይበቃም። ስለዚህ የሚወርደው ዝናብ ነው፤ አንዳንዴም እንደ ጠጠር የሚወግር በረዶ ነው። ከፍ ባለው ተራራ ላይ ነጭ ሆኖ ቢታይም ፀሐይ ቶሎ ታቀልጠዋለች።

በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ግን ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት ብርድና እርጥበት አብረው የሚመጡበት ጊዜ ነው። በረዶው እንደ ተባዘተ ጥጥ እየቀለለ ይወርዳል። በተራራው ላይ ለወራት ሳይቀልጥ ይቆያል። ሰው በእግሩ ልሂድ ቢል እስከ ጉልበቱ ይሰምጣል። ስለዚህ የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት አንድ ብልሃት አገኙ። ረጅምና ቀጭን ጣውላ በየእግራቸው ሥር አሰሩ። ጣውላው የሰውየውን ክብደት ስለሚያሰፋው አይሰምጥም፤ እየተንሸራተተ ይሄዳል። በዚህ ያድኑ ነበር፤ ከመንደር ወደ መንደርም ይሄዱ ነበር። ዛሬ የበረዶ ሸርተቴ ስፖርትና መዝናኛ ሆኗል።

በዚህ ስፖርት የአገራችን ሰውም ተወዳድሯል። ሮቤል ተክለማርያም የተወለደው አዲስ አበባ ነው። በየካቲት 1998 ዓ.ም. በጣልያን አገር በቶሪኖ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ በ15 ኪሎ ሜትር የሸርተቴ ውድድር ተካፈለ። በክረምት ኦሊምፒክ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እርሱ ነው። በ2002 ዓ.ም.ም በካናዳ በቫንኩቨር ተወዳድሯል።

ሸርተቴ የሚጫወቱ ሰዎች ዝም ብለው አይነሱም። አስቀድመው በረዶውን ያጠናሉ። አዲስ የወረደው ለስላሳ ነው። ቀን ቀልጦ ሌሊት የረጋው ጠጣርና አዳላጭ ነው። ፀሐይ የመታው ውሃ ያዘለና ከባድ ነው። ከገደል ላይ የተከመረው ደግሞ ተንዶ ሰው ሊቀብር ይችላል። ስለዚህ የተራራው ሠራተኞች ማለዳ ይፈትሻሉ፤ አደገኛውን መንገድ ይዘጋሉ።

ለእኛም ትምህርቱ ይኸው ነው። ተራራ ጉልበተኛን አይፈራም። መሬቱንና ሰዓቱን አይቶ የሚነሳውን ግን ያሳልፈዋል። ሰውን የሚጎዳው ብርዱ ብቻ አይደለም። ሦስት አጋዦች አሉት።

አንደኛው እርጥበት ነው። የረጠበ ልብስ የሰውነትን ሙቀት ቶሎ ይወስዳል። ስለዚህ ደረቅ ጋቢ ወይም ቡልኮ በላስቲክ ጠቅልሎ መያዝ ይበጃል።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። ነፋስ በልብስ ውስጥ ያለውን ሙቅ አየር ይጠርጋል። ማረፍ ካስፈለገ ነፋስ በማያገኘው በኩል መጠለል ነው። ሌሊት ግን በረባዳው ውስጥ መተኛት አይገባም።

ሦስተኛው አረቄ ነው። «አረቄ ያሞቃል» እንላለን። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አረቄ ደምን ወደ ቆዳ ያመጣዋል። ቆዳው ሲሞቅ የውስጡ ሙቀት እየወጣ ያልቃል። የጠጣ ሰው የሞቀው እየመሰለው ይበርዳል።

ጓደኛችን ክፉኛ ከተንቀጠቀጠ፣ አንደበቱ ከተሳሰረ፣ አካሄዱ ከተንገዳገደ ብርዱ አሸንፎታል ማለት ነው። መንቀጥቀጡ ቆሞ እንቅልፍ ሲጥለው ደግሞ «ተሻለው» አንበል፤ ባሰበት እንጂ። ከነፋስ እናስጠልለው። እርጥቡን ልብስ አውልቀን በደረቅ እንጠቅልለው። ከጎኑ ተኝተን በገላችን እናሙቀው። መዋጥ ከቻለ ሞቅ ያለ ሻይ በስኳር እንስጠው። የደነዘዘ እጅና እግሩን አንሸው፤ እሳት ላይም አናስጠጋው። የደነዘዘ ቆዳ ሲቃጠል አይሰማውምና። ከዚያም ሳንዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ እናድርሰው።

ገበያው በሳምንቱ ይመለሳል። ሰው ግን ከሄደ አይመለስም። ሰማዩ ሲከፋ አንድ ቀን መዋል ፍርሃት አይደለም፤ ዕውቀት ነው።

ጥያቄዎች

1. ውርጭ ከተረተሩ ይልቅ በረባዳው ላይ የሚበረታው ለምንድን ነው?
2. በረዶ እንዲከመር የትኞቹ ሁለት ነገሮች መገናኘት አለባቸው?
3. በብርድ ጊዜ አረቄ መጠጣት ለምን ይጎዳል? በቤታችሁና በማኅበራችሁ ተወያዩበት።