ጂ ደብረ ማርቆስ ላይ ስንት ነው?

የፊዚክስ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ላብ ሲጀምር ቶሎ ከሚገጥሙት ሙከራዎች አንዱ ፔንዱለም ነው። ክር፣ ጫፉ ላይ የብረት እንክብል፣ ሜትርና ስቶፕዋች፤ በነዚህ የመሬትን ስበት፣ ጂን፣ መለካት። ችግሩ ግን ተማሪው መልሱን ከሃይስኩል ጀምሮ በቃሉ ያውቀዋል። 9.81 አልወጣ ሲለውና ሪፖርት የማስገቢያው ሰዓት ሲደርስ «ኩክ» ያደርጋል፤ ከመልሱ ተነስቶ ወደ ኋላ እያሰላ ሰንጠረዡን ይሞላል።

የሚያስቀው ታዲያ ምንድን ነው? ደብረ ማርቆስ ላይ 9.81 ጭራሽ ትክክል አይደለም! እሱ የነለንደንና የነፓሪስ ቁጥር ነው። ማርቆስ ላይ 9.78 ገደማ ነው።

«ደጋ ስለሆነ ነዋ» ትሉኝ ይሆናል። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ ከፍታውም ድርሻ አለው፤ ግን ትንሽ ነው። ዓባይ በረሃ ብትወርዱም 9.81ን አታገኙትም። ዋናው ምክንያት ለምድር ወገብ መቅረባችን ነው። መሬት ስለምትሽከረከር ወገቧ ላይ ቦርጭ ቢጤ አውጥታለች፤ እኛም ከመሐሏ ራቅ እንላለን። ሽክርክሪቱ ራሱም ከስበቱ ትንሽ ይቀንሳል። በ1672 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ዣን ሪሼ ደቡብ አሜሪካ ካየን ላይ የፔንዱለም ሰዓቱ ከፓሪሱ አቆጣጠር በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ሲቀርበት ያየው ይህንኑ ነበር። ኒውተንም መሬት ድቡልቡል ኳስ አለመሆኗን ሲያስረዳ ይህን ማስረጃ ጠቅሷል።

ላብ ውስጥ ልዩነቱን ማየት ይቻላል? ይቻላል፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የአንድ ሜትር ፔንዱለም ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በ9.81 እና በ9.78 መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ምልልስ 3 ሺኛ ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ስቶፕዋች የያዘ ጣት አይደርስበትም። 10 ቆጥሮ መተው ዋጋ የለውም። 100 ምልልስ ከቆጠራችሁ ልዩነቱ 0.3 ሰከንድ ይሆናል፤ ያኔ እጃችሁ ፈጠን ካለ ትይዙታላችሁ። እንክብሉን ብዙ አታርቁት፣ በትንሹ ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት። ርዝመቱም ክሩ እስከሚያልቅበት ሳይሆን እስከ እንክብሉ መሐል ይለካ፤ እዚህ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ከተሳሳታችሁ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ።

ከዚያ ቴርሞሜትሩን አንሱ። ማኑዋሉ «የፈላ ውሃ 100 ዲግሪ ነው» ካላችሁ አትመኑት፤ ማርቆስ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። ንፍሮ የሚዘገየውም ለዚሁ ነው። ይኼኛው ግን እውነትም የደጋው ሥራ ነው።