ራስን መውቀስ

ራስን መውቀስ አንድ ሰው ሲሳሳት ወይም ያሰበው ሳይሳካ ሲቀር በውስጡ በራሱ ላይ የሚሰነዝረው ጎጂ ንግግር ነው። ራስን ከማረም ይለያል። ራሱን የሚያርም ሰው «የት ላይ ተሳሳትኩ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ራሱን የሚወቅስ ግን «ድሮም አልረባም» ብሎ ይፈርዳል።

ልዩነቱ በአማርኛ ቃላት ውስጥም ይታያል። ፈተና ያላለፈ ተማሪ «ወደቅኩ» ሲል በአንድ ፈተና ላይ የደረሰበትን መናገሩ ነው። «ውዳቂ ነኝ» ሲል ግን አንዱን ክስተት የራሱ መጠሪያ አደረገው። ክስተት ያልፋል፤ መጠሪያ ግን አብሮ ይኖራል።

ጥናቱ

አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ (1921–2021 እ.ኤ.አ.) በ1960ዎቹ በድብርት የሚሠቃዩ ሕሙማንን ሲያክም፣ ሳይጠሩ በራሳቸው የሚመጡ አጫጭር ሐሳቦችን አስተዋለ። ሕሙማኑ ሐሳቦቹን ሳይመረምሩ እንደ እውነት ይቀበሏቸው ነበር። ቤክ እነዚህን ሐሳቦች በማስረጃ መመርመርን መሠረት ያደረገ ሕክምና አዳበረ።

ምሳሌ በኢትዮጵያ

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በጥር 2015 ዓ.ም. ሲገለጽ፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1 ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በዚህ ዓይነት ውጤት ውስጥ የተማሪው ጥረት አንድ ድርሻ ቢኖረውም፣ የትምህርት ጥራት፣ የመጻሕፍት እጥረትና የትምህርት መቋረጥም ድርሻ አላቸው። ለምሳሌ አንገር ጉቲንን በመሳሰሉ፣ በጸጥታ ችግር ኑሮ በተናጋባቸው የምስራቅ ወለጋ ከተሞች የሚኖር ተማሪ «ሰነፍ ስለሆንኩ ነው» ብሎ ቢደመድም፣ ብዙ ምክንያት ያለውን ነገር በሙሉ በራሱ ላይ ጫነ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ትምህርት ሚኒስቴር ማለፊያ ነጥብ ካላገኙት መካከል የተሻለ ውጤት ላላቸው የሪሚዲያል (የአቅም ማሻሻያ) ፕሮግራም ከፍቷል። ስለዚህ ውጤቱ ለሁሉም የመጨረሻ አልነበረም።

የመቋቋሚያ መንገዶች

• ንግግሩን እንዳለ መጻፍ። «ምንም አይገባኝም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ሲሰፍር ለመመርመር ይመቻል።
• ማስረጃ መፈለግ። የገባው አንድ ምዕራፍ እንኳ ካለ «ምንም» የሚለው ቃል ትክክል አይደለም።
• ክስተቱን ከሰውየው መለየት። «ሒሳብ አልችልም» ከማለት «በዚህ ፈተና የሒሳብ ነጥቤ ዝቅ አለ» ማለት ይሻላል።
• ለታናሽ ወንድም ወይም እህት የሚባለውን ለራስ ማለት። ለእነሱ የማይነገር ስድብ ለራስም አይገባም።
• ቀጣዩን ትንሽ ሥራ መወሰን፤ ለምሳሌ ዛሬ አንድ ምዕራፍ መከለስ።

ዓላማው ጥፋትን መካድ ወይም ራስን በባዶ ማሞገስ አይደለም። ያላጠና ተማሪ «አላጠናሁም» ማለቱ እውነት ነው፤ ሊስተካከልም ይችላል። «አልረባም» የሚለው ፍርድ ግን የሚስተካከል ነገር አያሳይም።

እርዳታ የሚያስፈልግበት ጊዜ

ወቀሳው ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለ፣ ወይም ሰውን ከቤተሰቡና ከጓደኞቹ ካራቀ የጤና ባለሙያ ማማከር ይገባል። በሕይወት የመኖር ፍላጎት የጠፋበት ወይም ራሱን ለመጉዳት ያሰበ ሰው ብቻውን ሊተው አይገባም፤ ወዲያውኑ ለሚያምነው ሰው መንገርና አብረው ወደ ቅርብ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።